«ክልክል ነው» ያልነው ጋያ

ጡረታ በወጣሁ ለት መሸኛ ተብሎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ከዚያ ደግሞ ለወጣቶቹ ምክር ጣል አድርጊላቸው ተባልኩ። እኔ ምክር አልችልበትም። ቁጣ ከሆነ እችላለሁ። የምለው ጠፍቶኝ ወዲያ ወዲህ ስመለከት ዓይኔ ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» በሚል ጽሑፍ ላይ ዐረፈ። እስቲ ንገሪኝ፣ ለምንድን ነው የተከለከለው አልኳት አጠገቤ የቆመችውን ነርስ። ሳቅ አለችና «እትዬ አበበች ደግሞ፣ ሕግ ነዋ» አለችኝ። ክው አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን ሠርቼ፣ የእማማ ሎምባሜን ጉድ በዓይኔ አይቼ፣ ዛሬም መልሱ «ሕግ ነዋ» ነው? ምክሩን ትቼ ያንን ታሪክ አወራኋቸው። ዳቦው አልቆ ስለነበር ግማሹ ሰው ሳይሰማኝ ሄዷል፤ ስለዚህ ነው አሁን የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ትውልዴ አንጋጫ ነው፤ ከምባታ ነኝ። ድሬሰርነት ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ዱራሜ ክሊኒክ ነበር። ድሬሰር ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች አያውቁም። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ ሐኪም በሌለበት ደግሞ ሐኪም ይሆናል። ደመወዙን አታንሱት፤ ለጫማ ሲደርስ ለቀሚስ አይደርስም ነበር። ሴት ድሬሰር ያልተለመደ ስለሆነ ገበሬው ሁሉ «ሐኪሙ የታለ?» ይለኛል። እኔም መርፌዬን ወግቼ ከጨረስኩ በኋላ «መጥቶ ሄደ» እለዋለሁ።

ከዱራሜ ወደ ጃጁራ ተዛወርኩ። የጃጁራው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ለአፉ ግን መዝጊያ አልተሠራለትም። የገበያ ቀን ግቢው በሰው ይሞላል። እሱ በመስኮት ብቅ ይልና ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «ጨብጥ ያለበት በቀኝ በኩል ይሰለፍ» ይላል። በቀኝ በኩል ማን ይቁም? በዚያ በኩል ያለው ሣር እንኳ ተረግጦ አያውቅም። አለቃዬ ታዲያ ወሩ ሲያልቅ ጃጁራ ውስጥ ጨብጥ የለም ብሎ ለበላይ ያስታውቃል፤ በጓሮ በር ተደብቀው እኔን ፍለጋ የሚመጡትን ግን እኔ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ። ሆሳዕና ሄጄ የባሰውን እስካይ ድረስ ማለቴ ነው።

ሆሳዕና የገባሁት የሚሲዮን ሆስፒታል ነው። ዶክተሩ የውጭ አገር ሰው ነበር። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ግን አያፍርበትም፣ እጁ ደግሞ የተባረከ ነው። የእኛ የድሬሰሮቹ አለቃ ጋሽ ላሬቦ ነበር። የሆሳዕና ልጅ፣ ሀዲያ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ ዶክተሩ ለሕመምተኛ የሚለውን ከአማርኛ ወደ ሀድይኛ የሚመልሰውም እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ግቢው ውስጥ ጸሎትና ስብከት አለ፤ እሱንም የሚመራው እሱ ነው። ሥራውን ሁሉ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ቁጣውንም ጭምር።

ጋሽ ላሬቦ ቁስል ፊት ቆሞ አያውቅም። ዱካውን ይስባል፣ ይቀመጣል፣ ሰውየውን ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ነው ፋሻውን የሚነካው። የደረቀ ፋሻ ስንልጥ ያየን እንደሆነ እጃችንን ይመታናል። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ታርሰዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ፋሻው ራሱ ልልቀቅ ሲል ታነሳዋለህ። ያነሳውን ደግሞ ቶሎ አይጥልም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞረዋል፣ ያሸተዋል፣ ይገለብጠዋል። «ሰው ይዋሻል፤ ፋሻ አይዋሽም» ይል ነበር። ሌላም አመል ነበረው። ከሩቅ የመጣ ሕመምተኛ የት እንዳረፈ፣ ምን ላይ እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚያበስልለት ሄዶ ሳያይ ዕንቅልፍ አይወስደውም። ማደሪያውን ያላየህለትን ሰው ቁስሉን አታውቀውም ባይ ነበር። ይህን አመሉን የተወው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተወውም ሰው ስላከበረ ነው።

እማማ ሎምባሜ ከሀቢቾ በኩል መጡ። እንሰት ተክለው ልጅ ያሳደጉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ምላሰ ስል ሴት ናቸው። የታችኛው ከንፈራቸው ከጥጉ ጀምሮ እስከ ጉንጫቸው ቆስሏል። ዶክተሩ አየና ነቀርሳ ነው አለ። ያኔ ካንሰር የሚለው ቃል በሰው አፍ አልገባም፤ ነቀርሳ ነው የምንለው። የመጡት ግን ነቀርሳ ፈርተው አልነበረም። ውኃ ሲጠጡ በከንፈራቸው ጥግ እየፈሰሰ፣ ከሰው ጋር መብላት ትተው፣ ከግርግዳ ጀርባ ብቻቸውን ነበር የሚበሉት። «ሞት የማንም ነው» አሉኝ፣ «እኔ የምፈልገው ከሰው ጋር ተቀምጬ ውኃ መጠጣት ነው።» ሀድይኛዬ የከምባታ ቅላፄ ስላለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «የከምባታዋ ልጅ» ነበር የሚሉኝ።

ይዟቸው የመጣው ልጃቸው ማርቆስ ወንጌላዊ ነው። ድምፁ ሲያምር፣ ሲሰብክም ድንጋይ ያስለቅሳል። ጋሽ ላሬቦ ገና እንዳየው የጠዋቱን ስብከት ለእሱ ለቀቀለት። ማርቆስም በየጠዋቱ አረቄን፣ ጭፈራን፣ ትንባሆን እየጠራ ይገሥጻል፤ ሕዝቡ አሜን ይላል።

ዶክተሩ ያሰበው ይህን ነበር። የታመመውን ሥጋ ቆርጦ ያወጣና ለጎደለው ከንፈር ከግንባራቸው ቆዳ ያነሳል። ቆዳውን ግን ጨርሶ አይቆርጠውም፤ በአንድ ጫፉ ከሥሩ ጋር እንደተያያዘ አዙሮ ከንፈራቸው ላይ ይሰፋዋል። ቆዳው በዚያች በቀረችው ሥር ደም እየሳበ ይቆይና አዲሱን ቦታ ሲለምድ ሥሩ ይቆረጣል። ያ ከዳነ በኋላ ደግሞ አንገታቸውን ከፍቶ እጢዎቹን ያወጣል፤ ነቀርሳ ከከንፈር ወደ አንገት ነው የሚወርደው። በዚህ መንገድ ከሄደ ይድናሉ አለ። ዶክተሩ ሳያምን እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም።

ያን ለት ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚነገረውን ደንብ ጋሽ ላሬቦ በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። መሬት ላይ መትፋት ክልክል ነው፣ አረቄ ክልክል ነው፣ ትንባሆ ክልክል ነው፣ አስታማሚ አልጋ ላይ አይተኛም። ዶክተሩ በመሃል ገባና ትንባሆ ያጨሳሉ ወይ ብለህ ለብቻው ጠይቅልኝ አለው። ጋሽ ላሬቦ ጠየቀ። እማማ ሎምባሜ ልጃቸውን አዩ። ልጅየው ጌታን ካገኘች ወዲህ አልነካችም አለ። እሺ ተባለ፣ አለፈ። የጠየቀው ሰው ጠዋት ከስብከቱ ፊት ቆሞ አሜን ያለው ሽማግሌ ነው፣ የመለሰው ሰባኪው ነው፤ ሌላ ምን መልስ ይጠበቃል? የጃጁራው አለቃዬ በመስኮት ሲጮህ ስቄ፣ እዚህ ግን አጠገቤ ሲሆን አልታየኝም።

እማማ ግን ቢላዋውን አልቀበልም አሉ። ፊቴን አላስቆርጥም፣ እንደ ሰው ልሙት ብለው እምቢ። ዶክተሩ ለመነ፣ ጋሽ ላሬቦ ለመነ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ማርቆስ ይዟቸው ከግቢ ወጣ፤ ሲመለሱ «ይቁረጡኝ» አሉ። ጉድ ነው አልን። በማግስቱ የጠዋት ጸሎት ላይ ልባቸውን ላራራው አምላክ ምስጋና አቀረብን። ምን ተባብለው እንደተስማሙ የጠየቀ አልነበረም።

ኦፕራሲዮኑ ያማረ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ ነው። የእኛ ሰው ቆዳ ጥቁር ስለሆነ መቅላት መገርጣቱ ቶሎ አይታይም። ጋሽ ላሬቦ በእጁ ጀርባ ነው የሚያውቀው። አንዴ አዲሱን ቆዳ፣ አንዴ ደህነኛውን ጉንጫቸውን ይነካል፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ደህና ነው። ቢጠራጠር በመርፌ ጫፍ ጠቅ ያደርገዋል፤ ቀይ ደም ብቅ ካለች ቆዳው በሕይወት አለ። እኔንም አስነክቶ አስለመደኝ። መጀመሪያ ላይ ሞቃት ነበር። እማማም አፋቸውን መክፈት ስላልቻሉ በዓይናቸው ይስቁብኝ ነበር።

መመገብ ሲጀምሩ ቡላ አጥሚት ካልሆነ አልዋጥ አላቸው። ማርቆስ ከግቢው በር ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበርና ፋሻ ከቀየርን በኋላ እየደገፈ ይወስዳቸዋል፣ አጥሚታቸውን ያጠጣቸዋል፣ ይመልሳቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን ያላለ አልነበረም። ጋሽ ላሬቦን «ጋሼ፣ ማደሪያቸውን አላዩትም እኮ» አልኩት። የወንጌላዊ ቤት ገብቼ ምን ልፈትሽ ብሎ አፈረ።

ከዚያ አንድ ጠዋት የቆዳውን ጠርዝ ስነካ በረደኝ። እጄ መስሎኝ ደግሜ ነካሁት። ጋሽ ላሬቦን ጠራሁት፤ ነካ፣ መርፌውን አነሳ። የወጣችው ጠብታ ጥቁር ነበረች። በማግስቱ ጨርሶ ደም አልወጣም። ቀስ በቀስ ያ ያማረ ቆዳ እንደ ደረቀ ኮባ ጠቆረ፣ ተጨማደደ፣ ሸተተ። ዶክተሩ የሞተውን ቆርጦ አወጣ። ነቀርሳው ያለበት ሥጋ ቀድሞ ስለወጣ ቀዳዳው ከበፊቱ ሰፍቶ ቀረ። እማማ ውኃ ቀመሱ፤ ውኃው ሁሉ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። «የከምባታዋ ልጅ» አሉኝ በዚያ በተሰበረ አፋቸው፣ «ይኼማ ከድሮው ባሰ።»

ሆስፒታሉ ለቅሶ ቤት መሰለ። ዶክተሩ ስፌቱን አጥብቄው ይሆን ብሎ ራሱን ይበላል። ጋሽ ላሬቦ ፋሻው በደንብ አልተቀቀለም ብሎ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አውጥቶ እንደገና አስቀቀለን፤ ፕሪመስ የምንለው የጋዝ ምድጃ ላይ ሌላ ነገር አልተጣደም። እኛ ድሬሰሮቹ ደግሞ እርስ በርሳችን መተያየት ጀመርን። ማን ሳይታጠብ ነካው? አንዷን ጓደኛዬን ጠርጥሬ እስከ መኮራረፍ ደርሻለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ቀን የወይዘሮ ዘይነባን የእግር ቁስል ሳጥብ ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ የጃጁራ ነጋዴ ሚስት ናት፤ አልጋዋ ከእማማ አጠገብ ነው። አጎንብሼ እየሠራሁ እሷ ከላይ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ጋያ እየሳቡ ያ ቆዳ እንዴት ይያዝላቸው አለችኝ። ጋያ የማታውቁ ካላችሁ፣ ውኃ የሚጨመርበት የቅል ትንባሆ ማጨሻ ነው፤ በአገራችን ሽማግሌውም አሮጊቷም ይስበዋል። ቀና አልኩ። ምን አልሽ አልኳት።

«የፈቀዳችሁላቸው መስሎኝ ነው እንጂ» አለች፣ እሷም ደንግጣ። «ልጃቸው አይደል በየቀኑ እያቀጣጠለ የሚሰጣቸው?»

የያዝኩት ጥጥ ከእጄ ወደቀ። ዙሪያዬን አየሁ። ሴቶቹ ሁሉ አልጋቸው ላይ ሆነው ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ። ሁሉም ያውቃል! ከእኛ በቀር የማያውቅ የለም። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ ጮህኩባቸው። የጠየቀን የለም አሉኝ፤ ደግሞስ የሰው ገመና እንዴት ይገለጣል? ጢሱ እንዴት አልሸተታችሁም የሚል አይጠፋም። እስቲ ያኔ ጢስ የማይሸተው የማን ነጠላ ነበር? የሁሉም ቤት መሃሉ ላይ እሳት ነው።

ለጋሽ ላሬቦ ስነግረው አላመነኝም። ማርቆስን? ተይ፣ የሴት ወሬ ነው አለ። ቆይቶ ግን መጎናጸፊያውን አነሳ። ከግቢው በር ማዶ ወዳለችው ክፍል አብረን ሄድን። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ በሩም ገርበብ ብሏል። ጋሽ ላሬቦ ድምፁን አሰምቶ ገባ፣ እኔ ከኋላው።

እማማ ሎምባሜ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ በተቀደደ አፋቸው ጥግ በጣታቸው ከንፈራቸውን ገጥመው የጋያውን መቃ ይዘዋል። ማርቆስ ተንበርክኮ ፍሙን እፍ እያለ ነው። ያ በየጠዋቱ ትንባሆን የሚገሥጸው አፍ! ደርቄ ቀረሁ። እሱም እንደ ተንበረከከ ቀረ፤ ፍሙ ፊቱ ላይ እያበራ። መጽሐፍ ቅዱሱ ከኋላው መደርደሪያ ላይ ነበር። ሰው ሲሰርቅ ይያዛል፣ ሲሰክር ይያዛል፤ ሰው እናቱን ሲያገለግል ተይዞ እንዲህ ሲያፍር ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እኔ የምጮህ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ላሬቦ ግን እንደ አመሉ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ ነው አለው። ማርቆስ ጎንበስ እንዳለ ተናገረ። ትታው አታውቅም አለ። ስትጠመቅ ለእኔ ብላ ተውኩ አለች፣ ደብቃ ትስብ ነበር፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ቢላዋውን እምቢ ያለች ለት ወደዚህ አምጥቼ ለመንኳት። ጋያዬን ካልከለከልከኝ እቆረጣለሁ አለችኝ። እሺ አልኳት። እንድትድን ብዬ እሺ አልኳት።

ጋሽ ላሬቦ፣ «ትንባሆ ክልክል ነው ስልህ አልሰማህም?» አለው።

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ማርቆስ ቀና አለ። ዕንባው ይወርዳል። «እንደ አረቄው መሰለኝ» አለ። «እንደ ጭፈራው። ኃጢአት ነው ያሉኝ መስሎኝ ነው፤ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ እሷ ትዳን ብዬ ነው። ቁስሉን ይገድላል ብሎ ማን ነገረኝ?»

ብዙ ነገር ሰምቼ ደንግጫለሁ፤ እንደዚያ ቃል ያስደነገጠኝ ግን የለም። ልጁ እኮ ነፍሱን ነው በእናቱ ፈንታ የሰጠው! ገሃነም ልግባላት ብሎ ነው ፍም እፍ ያለው። እኛ ደግሞ ጠዋት ከጭፈራ ጋር፣ አልጋ ሲይዙ ደግሞ መሬት ላይ ከመትፋት ጋር ደርድረን «ክልክል ነው» ብለናል፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አላልንም። ዶክተሩ ጋሽ ላሬቦ ይነግራቸዋል ብሎ፣ ጋሽ ላሬቦም ማርቆስ ወንጌላዊ ነው፣ ያውቃል ብሎ ተወው። ጋሽ ላሬቦ ወደ እማማ ዞረና በእንሰት ነገራቸው። ያ ከግንባርዎ የመጣው ቆዳ ተነቅሎ የተተከለ እንሰት ማለት ነው፣ ሥሩ ቀጭን ናት፣ በዚያች ሥር ደም ካልጠጣ ይሞታል፣ የትንባሆው ጢስ ደግሞ የደሙን መንገድ ያጠበዋል አላቸው።

እማማ ሎምባሜ መቃውን ከአፋቸው አወጡ። ፍሙን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «አዲስ የተተከለ እንሰት አጠገብ እሳት አይነድም» አሉ። «ይኼን የማላውቅ ሰው ነኝ? ስንት ማሳ ተክያለሁ! እንዲህ ብላችሁ ብትነግሩኝ ያኔውኑ እተወው ነበር።»

ተዉትም። ያንኑ ለት። ለዓመታት በስብከት ያልተወውን ሰው አንዲት የእንሰት ነገር አስተወችው፤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቀላል ሆኖላቸው አልነበረም። ተንቀጠቀጡ፣ ተቆጡ፣ ማርቆስን ከቤት አስወጡ፣ እኔን የከምባታ ድመት ብለው ሰደቡኝ። ግን አልነኩትም።

ዶክተሩ ሲነገረው የሚቀመጥበት አጣ። «ላሬቦ፣ እኔ ጠየቀ እኮ! እኔ ጠየቀ!» እያለ ክፍሉ ውስጥ ዞረ። ጋሽ ላሬቦም፣ የጠየቅነው ቁስላቸውን ሳይሆን እምነታቸውን ነው፤ እነሱም ስለ እምነታቸው ነው የመለሱልን አለው። ከዚያ እንደገና ሁሉም ይጠየቅ ተባለ። በዚህ ጊዜ ግን በየአልጋው ተቀምጠን፣ ለብቻ፣ አስታማሚውን አስወጥተን፣ መጀመሪያ ምክንያቱን ነግረን። ሴቶቹ ለእኔ ደረሱኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! ያቺ አፏን ሞልታ አሜን የምትለው፣ ያቺ መዝሙር የምታወጣው፣ ቁስሏ ለምን እንደማይደርቅ ስንጨነቅላት የከረምነው፤ የማያጨስ በጣት የሚቆጠር ነበር። እያንዳንዷ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ሁለተኛዋ ላይ ይለቀኛል ስል አሥረኛዋም ላይ ደነገጥኩ።

ማርቆስ ማንም ሳያስገድደው በጉባኤ ፊት ቆሞ ያደረገውን ተናገረ። ከአገልግሎት አገዱት። ጋሽ ላሬቦ ሽማግሌዎቹን ተከራከረ፣ አልሰሙትም። ልጁ ግን ሆስፒታሉን አልራቀም። በየአልጋው እየዞረ፣ «ኃጢአት ነው ልላችሁ አልመጣሁም፤ የእናቴን ከንፈር የገደልኩት በዚህ ነው» ይላቸዋል። ከስብከቱ ሁሉ ሰው የሰማው ይህን ነው።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ግን እንደፈለግነው ቶሎ አልሆነም። ቁስሉ መጥራት ነበረበት፣ እማማም ከስተዋል። ክረምቱ አልፎ መስቀል ከተበላ በኋላ ዶክተሩ በዚህ ጊዜ ከደረታቸው ቆዳ አንስቶ ሰፋላቸው። እኔና ጋሽ ላሬቦ እየተፈራረቅን በእጃችን ጀርባ ስንነካ ሰነበትን። ሞቃት ነው። ነገም ሞቃት ነው። ሥሩ የተቆረጠ ለት ጋሽ ላሬቦ በመርፌ ጠቅ አደረገው፤ ቀይ ደም ብቅ አለች። ዶክተሩ ያንን ረጅም ቁመቱን አጥፎ እማማን ግንባራቸውን ሳመ። በኩባያ ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጡ። ምንም አልፈሰሰም። ዘይነባ እልል አለች። እማማም ሴቶቹን አልጋቸው ዙሪያ ሰብስበው፣ ሌላ ውኃ፣ ደግሞ ሌላ ውኃ እያሉ፣ ሆዳቸው እስኪነፋ ከሰው ጋር ጠጡ።

ዶክተሩ ከዚያ አንገታቸውን ዳሰሰ። ፊቱ ተለወጠ። እጢዎቹ አብጠው ከሥር ከአጥንቱ ጋር ተያይዘዋል። አንገታቸውን ሊከፍት ያሰበው የመጀመሪያው ቆዳ እንደያዘ ነበር። ያ ቆዳ ሲሞት፣ ቁስሉ እስኪጠራ ስንጠብቅ፣ ነቀርሳው በሚወርድበት መንገድ ሄዶ ጨርሷል። «ጊዜ ነበረን፤ ያንን ጊዜ ነው ያጣነው» አለን ዶክተሩ።

ማርቆስ እማማን ሀቢቾ ቤታቸው ወሰዳቸው። እኔና ጋሽ ላሬቦ በዚያ በኩል ለክትባት ስንወጣ ገብተን እናያቸዋለን። ለመጨረሻ ጊዜ ያየናቸው ለት በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተጋድመዋል፤ አንገታቸው አብጦ ጭንቅላታቸውን ማዞር አቅቷቸዋል። ጋሽ ላሬቦ ዱካ ስቦ ተቀመጠና ስለ እንሰታቸው ጠየቃቸው።

«ላሬቦ» አሉት፣ «ከእንግዲህ የምትተክሉልኝ ነገር አለ?»

ጋሽ ላሬቦ ሕመምተኛ አያታልልም። «የለም፣ እማማ» አላቸው።

«እንግዲያው ጋያዬን አምጡልኝ።»

ማርቆስ ደነገጠ። ጋሽ ላሬቦን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከቆመበት መነቃነቅ አቃተው። ጋሽ ላሬቦ ተነሣ። ያ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከዚያ ወዲያ የጋያ ስም ሲጠራ ፊቱ የሚጠቁረው ሰው፣ ገብቶ ቅሉን ከተሰቀለበት አወረደ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ውኃ ጨመረበት፣ ትንባሆውን አደረገ፣ ከምድጃው ፍም ቆንጥሮ አስቀመጠበትና በገዛ አፉ እፍ አለበት። ሰማይ ቢወድቅ እንዲያ አልደነግጥም ነበር። መቃውን አዙሮ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

እማማ ሎምባሜ መቃውን ከንፈራቸው መሃል አደረጉ። በጣታቸው አልገጠሙትም፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሳቡ። ውኃው ቅሉ ውስጥ ተንዶቀዶቀ። ሦስታችንም የምናየው የአፋቸውን ጥግ ነበር። አንዲት ነገር አልሾለከችም። መቃውን አወጡና ጣታቸውን በዚያ በሰፋነው ከንፈር ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አሳለፉ። ደረቅ ነው።

ጋሽ ላሬቦ እንዲደግሙ ጠጋ አደረገላቸው። በእጃቸው መለሱለት።

«በቃኝ» አሉ። «ይይዝ እንደሆነ ለማየት ነው።»